«እዚህ አይደርስም» አትበሉ

የፎገራ፣ የደንቢያ፣ የሊቦ ከምከም፣ የጎንደር ዙሪያና የደራ ሽማግሎች፣ የዕድሜ እኩዮቼ፤ ነገሬ ረዘም ይላልና ታገሡኝ። ምክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሰንበቴው አቆየው ነበር። ማስጠንቀቂያ ስለሆነብኝ ግን ክረምቱ ሳይገባ፣ ጭቃው መንገዱን ሳይዘጋው ልናገረው ወደድሁ።

በየዓመቱ ሰኔ ሲቃረብ በጣና ዳር ከአፋችን የምትወጣ አንዲት ቃል አለች። ጎጆ ሊቀልስ ያሰበ ወጣት ይመጣና፣ «አባቴ፣ ባሕሩ ሲሞላ እስከ የት ይመጣል?» ይለናል። እኛም ዘንጋችንን ወደ ታች ዘርግተን፣ «እዚህስ አይደርስም፤ በአባቶቻችንም ዘመን አልደረሰ» እንለዋለን። ልጁ ልቡ ያርፋል። ቤቱን እዚያው ይሠራል፤ እህሉን እዚያው ያስገባል፤ ሚስቱም እዚያው ትወልዳለች። ወንድሞቼ፣ ይህችን ቃል ከዛሬ ጀምሮ ተዉአት። የመጣሁት ይህንኑ ልላችሁ ነው፤ የቀረው ንግግሬ ምክንያቱን ማስረዳት ነው።

ቃላችን ክብደት ባይኖረው ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምሁ። ነገር ግን የወሰን ጠብ ሲነሣ ድንበሩን የምናሳየው እኛ ነን። የይዞታ ደብተሩ ሲሰጥ የአዋሳኙን ስም የጠራነው፣ «ይህ የእገሌ ነው» ብለን የመሰከርነው እኛ ነን። ስለዚህ «የውኃው ወሰን እስከዚያች ሾላ ነው» ካልን የሚከራከረን አይገኝም። ባለሙያ ከወረዳ መጥቶ ስለ ጎርፍ ስጋት ቢናገር እንኳ፣ ተሰብሳቢው ዞሮ የሚያየው የእኛን ፊት ነው። ፊታችን ላይ ፌዝ ካየ፣ ባለሙያው በከንቱ ደከመ። በዚህ ዕድሜያችን የቀረን ሥልጣን ይህ ነው፤ የምናባክነውም ይህንኑ ነው።

ስለ ባሕሩ ጠባይ አታስተምረን እንዳትሉኝ። የምታውቁትን ነገር በቁጥር ልድገመው ብቻ። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ ከ8 እስከ 9 ሜትር ያህል፣ ጥልቅ በሚባለውም ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ባሕር ሲሞላ የሚሄደው ወደ ጎን ነው። ያውም ወደ እኛ ወገን፤ በምሥራቅና በሰሜን ያለው ሜዳ የሚያቆመው ነገር የለውምና። መሬቱ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት አንድ ሜትር ብቻ በሚያዘቀዝቅበት ቦታ፣ ባሕሩ ግማሽ ሜትር ከፍ ቢል አምስት መቶ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። ግማሽ ሜትር ከጉልበት የማያልፍ ውኃ ነው። አምስት መቶ ሜትር ግን የአንድ ጎጥ ቤትና ማሳ ሊሆን ይችላል። ባሕሩ ደግሞ ከሰኔው ዝቅታ እስከ መስከረም ማብቂያው ከፍታ ድረስ በየዓመቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ነው። በግንቦት ቆሞ ዳርቻውን የሚለካ ሰው የተኛውን እንጂ የተነሣውን አላየም።

የ1994 ክረምት እንዴት እንደከዳን አትረሱትም። ኤልኒኞ የሚሉት የውቅያኖስ ሙቀት የነበረበት ዓመት ነው፤ ዝናቡ አነሰ። በዚያ ላይ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ በተሠራው መቆጣጠሪያ በኩል ለጢስ ዓባይ ማመንጫዎች ውኃ ይለቀቅ ነበር። በ1995 ሰኔ ባሕሩ መለካት ከተጀመረ ወዲህ ያልታየ ዝቅታ ላይ ደረሰ። ጀልባዎች መሄጃ አጥተው ቆሙ። ደንገሉ ውኃ ርቆት ደረቀ፤ የዓሣው ገበያ ቀዘቀዘ። ከባሕሩ ሥር ግን ማንም ያላረሰው አፈር ብቅ አለ። ሰውም በሬውን ጠምዶ ባሕሩን ተከትሎ ወረደ። ማን ይፈርድበታል? ያን ዓመት ላይኛው ማሳ ያፈራው ነገር አልነበረም።

የባሕሩ ሽሽት ሦስት ዓመት ብቻ ቆየ። በ1998 ነሐሴ፣ በ1999ም መስከረም ውኃው ተመልሶ መጣ። ፎገራ፣ ሊቦ ከምከም፣ ደንቢያ ተጥለቀለቁ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተጎዳ። በዚያው ክረምት በድሬዳዋ ጎርፉ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ፤ በታችኛው ኦሞ ከ300 በላይ አለቀ። በእኛ ዘንድ ባሕሩ የመጣው ቀስ ብሎ ስለነበር ያን ያህል ነፍስ አልጠፋም። ቶሎ የረሳነውም ለዚሁ ይመስለኛል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት አባቶቻችን ይህን ጠባዩን አይተው ነው። የሞተብንን ቆጥረን አለቀስን፤ የበሰበሰውን እህል፣ በውኃ ውስጥ ቆሞ የከረመውን ጎጆ፣ ሣር አጥቶ የተሸጠውን ከብት ግን አልቆጠርነውም። በ2012 ማብቂያና በ2013 መግቢያ እንደገና ሲመጣ ብዙ ሰው ያገኘው እዚያው ቦታ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «በአባቶቻችን ዘመን አልደረሰም» የሚለው ቃል እውነት ሊሆን ይችላል። አባቶቻችን አልዋሹም። ነገር ግን እነሱ የሚያውቁት ባሕርና እኛ አጠገቡ የተቀመጥነው ባሕር በጠባይ ተለያይተዋል። ያኔ ጣና የሚሞላው በዝናብና በወንዝ፣ የሚጎድለው በፀሐይና በዓባይ ነበር። በ1988 ጨረጨራ ላይ በር ተሠራለት፤ በ1993 በሮቹ ተጨመሩ። በ2002 ግንቦት የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ባሕሩ በምዕራብ በኩል በዋሻ ወደ በለስ የሚሄድ ሁለተኛ መውጫ አገኘ። ይህን የምለው በመብራቱ ለመክሰስ አይደለም፤ በኩራዝ ያደገ ሰው መብራትን አይጠላም። የምለው ከዚህ በኋላ የባሕሩን ከፍታ የሚወስነው ሰማዩ ብቻ አለመሆኑን ነው። «ቅዱስ ዮሐንስ ከዋለ ይመለሳል»፣ «መስቀል ካለፈ ስጋት የለም» እያልን የምንቆጥረው ቀን በር ላልነበረው ባሕር የተቆጠረ ቀን ነው።

ወንዞቹም ተለውጠዋል። ርብና ጉማራ ሁለቱም ከጉና ተራራ ይነሣሉ። የጉና ተዳፋት እስከ አናቱ ከታረሰ ወዲህ፣ ዝናቡ በዘነበ ቁጥር የሚወርደው ውኃ አፈሩን ይዞ ነው። ያ አፈር እኛ ሜዳ ላይ ሲደርስ ውኃው ይዝላል፤ ደለሉን ወንዙ ውስጥ ይጥለዋል። በጉማራ መለኪያ ጣቢያ አጠገብ ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 2001 ድረስ የወንዙ ወለል ወደ ሦስት ሜትር ገደማ ከፍ ማለቱ ተለክቷል። ሦስት ሜትር ስትሉ አንድ ቤት ከነጣሪያው በሉት። በልጅነታችን ወርደን ከብት የምናጠጣበት ወንዝ ዛሬ በክትር ታስሮ ከማሳው ጋር እኩል ይሄዳል፤ ባንዳንድ ቦታም ከማሳው በላይ ነው። ክትሩ በአንድ በኩል ቢሰበር የወጣው ውኃ ወደ ወንዙ የሚመለስበት መንገድ የለውም። ሜዳው ላይ ተኝቶ ይከርማል። ለፓምፕ ቱቦ ማሳለፊያ ብሎ ክትሩን የሚቆርጥ ጎረቤት ያላችሁ፣ ዝምታችሁ ነገ ምን እንደሚያመጣ ከወዲሁ አስቡት።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን አንድ የምናደርጋቸው ሁለት ሙላቶች አሉ፤ መለየት አለባቸው። አንደኛው ደራሽ ነው። ጉና ላይ ዝናቡ ይወርዳል፤ ወረታ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ውኃው በጥቂት ሰዓት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት ይደርሳል። ይህ ሰው ይገድላል፤ ከብት ይወስዳል፤ በማግሥቱ ግን ጉልበቱ ይበርዳል። ሁለተኛው የባሕሩ ሙላት ነው። በየቀኑ ጣት ጣት እያለ ይጨምራል፤ ሳምንታት ይቆያል፤ ቤት ያበሰብሳል፤ ሰብል ያፍናል። ክፉው ቀን ሁለቱ የሚገናኙበት ነው። ባሕሩ በነሐሴ ማብቂያ ሞልቶ ሳለ ከጉና ደራሽ ቢመጣ ወንዙ መግቢያ ያጣል፤ ተመልሶም በሜዳው ላይ ይዘረጋል። «እዚህ አይደርስም» የምንለው አንደኛውን አይተን ሁለተኛውን ረስተን ነው። ወይም ሁለቱ በአንድ ሳምንት ሲመጡ ገና ስላላየን።

ከሰማዩ በኩል ያለውን ልጆቻችን በትምህርት ቤት ይነግሩናል፤ እኛ ግን ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲወራ የስብሰባ ቋንቋ መስሎን እናንቀላፋለን። ነገሩ እንዲህ ነው። አየሩ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ሊሸከም የሚችለው እንፋሎት በመቶ 7 ያህል ይጨምራል። የተሸከመውንም ሲያወርድ በአንድ ጊዜ ያወርደዋል። ሊቃውንቱ «በጣና ዙሪያ የክረምቱ ዝናብ በጠቅላላው ይበዛል ወይስ ያንሳል?» ቢባሉ ስሌታቸው ይለያያል። ሙቀቱ እንደሚጨምር፣ ከባድ ዝናብም ይበልጥ እንደሚከብድ ግን ይስማማሉ። ለእኛ ይህ ምን ማለት ነው? እንደ 1995 ያለው ድርቀትም፣ እንደ 1998 ያለው ሙላትም መምጣታቸው አይቀርም፤ በመካከላቸውም ያለው ጊዜ ሊያጥር ይችላል። ድርቁ ሰውን ወደ ታች ይጠራዋል፤ ሙላቱ እዚያው ያገኘዋል። እኔን ሌሊት የሚያስነሣኝ ይህ ነው።

ባሕር ሸሽ የምንለውን መሬት ተመልከቱ። ባሕሩ በኅዳርና በታኅሣሥ ሲሸሽ ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል፤ ይህ የቆየ ልማድ ነው፤ ክፋት አልነበረበትም። ዘርተህ፣ አጭደህ፣ ክረምት ሳይገባ ትለቃለህ። አሁን ግን መልቀቅ ቀረ። መጀመሪያ ማረፊያ ዳስ ተተከለ፤ ከዚያ ዳሱ ጎጆ ሆነ፤ ከዚያ ቆርቆሮ ለበሰ። ደንገሉም ለማሳ ማስፊያ ተመነጠረ። ደንገል ማዕበሉን የሚሰብር፣ ደለሉን የሚይዝ፣ የዓሣ መፈልፈያና መሸሸጊያ የሆነ አጥር ነው። እሱ በተመነጠረበት ዳርቻ ነፋስ ያመጣው ማዕበል ማሳውን በቀጥታ ይመታዋል። በዚያው ክፍት ዳርቻ እምቦጭ የሚሉት አረም ገባበት። በ2003 እና በ2004 ታየ ሲባል «አበባው ያምራል» ያልን ነበርን፤ በ2013 ጥቅምት አገር ምድሩ በእጁ ሊነቅለው ዘመተ። ባሕሩ ሲሞላ ነፋሱ እምቦጩን እየገፋ ሩዝ ማሳ ላይ ያሳድረዋል፤ ሲሸሽ እዚያው ጥሎት ይሄዳል። ገበሬው በአንድ ጊዜ ሁለት ጎርፍ ያጸዳል ማለት ነው።

ደንገልን ካነሣን ወይጦዎችን ላንሣ። ታንኳ የሚሠሩ፣ ውኃውን በቀዘፋ የሚያውቁ፣ የባሕሩን መነሣትና መተኛት ከማናችንም ቀድመው የሚያዩ ወገኖች ናቸው። አባቶቻችን ንቀዋቸዋል፤ ከማዕድም ከሸንጎም አርቀዋቸዋል። እኛም ብዙ አላቀረብናቸውም። ስለ ጎርፍ በሚመከርበት ሸንጎ ላይ ወይጦ ሽማግሌ ካልተቀመጠ፣ የተቀመጥነው ሁላችንም የብስ ብቻ የምናውቅ ነን።

ሩዙም ትንሽ አታሎናል። የፎገራ ሜዳ በእኛ ልጅነት የከብት ሜዳ ነበር፤ የፎገራ ላም ስሟ የወጣው በዚያ ጨፌ ነው። ሩዝ ከገባ ወዲህ ግን ውኃ የሚተኛበት መሬት ሁሉ ገንዘብ ሆነ። መልካም ነው፤ ብዙ ቤት ቀንቶበታል፤ ወረታም የሩዝ ከተማ ሆናለች። ነገር ግን ሩዙ ውኃ ስለወደደ ቤታችንም የሚወድ መሰለን። ሩዝም ቢሆን እግሩን ውኃ ውስጥ ማቆም ይወዳል እንጂ ለብዙ ቀን ከነራሱ ሲሰምጥ ይሞታል።

የሌላውን አገር ሐይቅ የምጠራው ጣና ብቻውን አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ሐሮማያ ደርቆ ሰው ወለሉን አረሰው፤ ከዓመታት በኋላ ውኃው ተመለሰ። በመተሐራ በኩል ያለው በሰቃ በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በልጧል፤ ማሳና ሰፈር ውጧል፤ መንገዱና ሐዲዱም ከፍ ተደርገው እንደገና እንዲሠሩ አስገድዷል። በኬንያ ባሪንጎና ናይቫሻ ሞልተው ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ውኃ ውስጥ አስቀርተዋል። ቪክቶሪያ በ2012 ግንቦት ተለክቶ የማያውቅ ከፍታ ላይ ደረሰ፤ በ2016 ደግሞ ያንኑ አለፈው። የኦሞና የቱርካና ሙላት የዳሰነችን አርብቶ አደር በአስር ሺዎች አፈናቅሏል። በእነዚህ ሁሉ ሐይቆች ዳር ሽማግሌ ነበረ። «እዚህ አይደርስም» ያለም አይጠፋም።

አውቃለሁ፣ ከመካከላችሁ «የእግዚአብሔር ቁጣ ነው፤ ሰው ምን ያደርጋል» የሚል አለ። ወንድሜ፣ እኔም እጸልያለሁ። ኖኅ ግን ጸልዮ ብቻ አልተቀመጠም፤ መጥረቢያ አንሥቷል። ይህን ቁርኣን የሚቀሩት ወንድሞቻችንም ያውቁታል። ሌላው ደግሞ «መንግሥት ግድብ ሠርቷል፣ ክትር ሠርቷል» ይላል። የርብ ግድብ መሠራቱ መልካም ነው። ከግድቡ በታች የሚገባው ገባር ግን ግድቡን አልፎ አያውቅም፤ ጉማራም የርብን ግድብ አያውቀውም፤ የባሕሩንም ሙላት ግድብ አይመልሰውም። ክትርም ቢሆን የሚያደርገው ነገር አለ፤ የሚያሳስበኝ ግን ከኋላው ያለውን ሰው እንዲተኛ ማድረጉ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በቅድሚያ ቃላችንን በምልክት እንለውጠው። የ1998ን ውኃ ያየን ሰዎች ገና አለን፤ ብዙ አንቆይም። በግንቦት፣ መሬቱ ደረቅ ሳለ፣ ከወጣቶቹና ከቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ጋር ወርደን ውኃው የቆመበትን ቦታ እናሳያቸው። በትልልቅ ዛፍ፣ በትምህርት ቤት ግድግዳ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ አጥር፣ ዛፍም ግድግዳም በሌለበት በተተከለ ድንጋይ ላይ በቀለም ይሠመር፤ ዓመተ ምሕረቱም ይጻፍበት። የ2013ቱም ከጎኑ ይጻፍ። እናንተ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዱ የረሳውን ሌላው ያስታውሳል፤ ለዘመዱ ሊያደላ የሚዳዳውንም ሌላው ይይዘዋል። መሥመሩ ዝቅ ብሎ ቢሠመር ጥቂት ሰው በዚያ ዓመት ይደሰታል፤ ጠብ ፈርታችሁ እውነቱን አትሸጡ። ምልክቱንም እንደ መጨረሻ አትቁጠሩት፤ ከበላዩ አንድ ክንድ ጨምሩና ቤት ከዚያ በላይ ይሁን በሉ። ወጣቱ ሲጠይቃችሁ መልሱ እንዲህ ይሁን፦ «በ98 እዚህ ቆሞ አይቼዋለሁ፤ ከዚህ በላይ አይመጣም ብዬ ግን ቃል አልሰጥህም።»

ከምልክቱ በታች ማረስ አይቅር። ሰው ከየት ይብላ? መኝታው ግን ወደ ላይ ይውጣ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ሕፃን፣ እርጉዝ፣ ሽማግሌና ከብት ታች አይደሩ። ዘርና እህል በጎተራ ከፍ ባለ የድንጋይ መደብ ላይ ይቀመጥ፤ የይዞታ ደብተሩ፣ የልጆቹም ወረቀት በላስቲክ ተጠቅልሎ ላይ ባለ ዘመድ ቤት ይክረም። የፎገራ ሜዳ ጠፍጣፋ ነው፤ ጉብታው ሩቅ ነው እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ሩቅ የሆነበት ጎጥ በጋራ አፈር ቆልሎ ለከብትና ለሰው መጠጊያ ይሥራ። እያንዳንዱ ለብቻው ቤቱን በክትር ሲከብ የሚሆነው ውኃውን ወደ ጎረቤት መንዳት ነው፤ በዚህ የተነሣ ጠብ ወደ ሽምግልናችን ሲመጣ የክትሩን ባለቤት አታስታርቁልኝ፤ ፍረዱበት።

ማስጠንቀቂያውም ሰው ይኑረው። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የወቅቱን ትንበያ ያወጣል፤ በሬዲዮም ይነገራል። ያንን ሰምቶ ለጎጡ በቋንቋው የሚያስረዳ አንድ ሰው እንሹም። ለደራሹ ግን ሬዲዮ አይደርስም። ለእሱ ስልክ ነው። ከጉና ሥር፣ ከፋርጣም ከደብረ ታቦርም በኩል ዘመድ የሌለው ማን አለ? እዚያ ዝናቡ ሲበረታ የሚደውል፣ እዚህ የሚቀበል፣ ተቀብሎም ደወል የሚያስደውል፣ በመስጊዱ ማይክ የሚያስነግር ስሙ የታወቀ ሰው ይኑር። ዕድሮቻችን የሞተ ሰው ለመቅበር መዝገብ አላቸው፤ አልጋ የያዘ አዛውንት፣ ዓይነ ስውር፣ አራስ በየትኛው ቤት እንዳለ የሚያሳይ መዝገብም ይኑራቸው። ታንኳ ያለው፣ ጀልባ ያለው ስሙ ይጻፍ፤ የትኛውን ቤት እንደሚያነሣም ይነገረው። ይህን ስትመክሩ ሴቶቹን አስቀምጡ። ውኃ ሲገባ ቤት የምትገኘው እሷ ናት፤ ወዴት መሸሽ እንደሚቻልም የምታውቀው እሷ ናት፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ ወጥ እንድታቀርብ ብቻ እንጠራታለን።

ውኃው ከሸሸ በኋላ ስለሚመጣው ወባና ስለ ጉድጓድ ውኃ መበላሸት የጤና ሠራተኞቹ ይነግሩናል፤ ስሟቸው። አጎበር ለዓሣ መረብ እና ለእህል መሸፈኛ አይደለም።

አሁን የቀረኝን ልናገር፤ ይህ ያስቆጣችሁ ይሆናል። ወጣቶቹ ለምን ወረዱ? በ1989 መሬት ሲሸጋሸግ ልጆች የነበሩት፣ ያልተወለዱትም፣ ዛሬ ባለ ሚስት ባለ ልጅ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ለእነሱ የተቆረጠ መሬት የለም። ከፍ ያለው፣ ውኃ የማይደርስበት ይዞታ በደብተር የተጻፈው በእኛ ስም ነው። እኛ ላይኛውን ይዘን፣ «ሂድ፣ ባሕር ሸሹን ያዝ፤ እዚህ አይደርስም» አልናቸው። ይህ ቃል ከምክር ሁሉ የቀለለን፣ ከእኛ የሚያስቆርጠው ነገር ስለሌለ ነው። ልጁ «ታዲያ የት ልደር?» ቢለን መልስ ስለሌለን ውኃውን ዋስ ጠራንለት።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። ላይኛው ይዞታ ያለን፣ ታች ለሚያርሱ ልጆቻችን ለቤትና ለበረት የሚበቃ ቦታ ከዚያ እንቁረጥላቸው። በቃል ሳይሆን ሕጉ በሚፈቅደው የስጦታ ውል፣ በመሬት ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ፤ ሴት ልጆቻችንን ሳንዘል፤ እኛ ስንሞት ወንድማማች እንዳይካሰስበት። ሁለተኛ፣ ላይኛው ይዞታ የሌለው ቤተሰብ ስም ተዘርዝሮ፣ ከመካከላችን የተመረጡ ሽማግሎች ይዘውት ወረዳ ይግቡ። ከጎርፍ በኋላ ዱቄትና ሸራ ለመለመን በየዓመቱ ከምንሰለፍ፣ ከጎርፍ በፊት ለእነዚህ ሰዎች የመኖሪያ ቦታ ለመጠየቅ አንድ ጊዜ እንሰለፍ።

እኔ በግንቦት መጀመሪያ ሳምንት ከወጣቶቹ ጋር የ1998ን ወሰን ልዞር ነው። ጉልበቴ ስለማይችል በጋሪ እሄዳለሁ። ያን ክረምት በየጎጣችሁ የነበራችሁ፣ አብራችሁኝ የምትወጡትን ስማችሁን ለዕድሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ፤ የማትችሉም ልጃችሁን ላኩና ምን እንዳያችሁ ንገሩት።